የእጅ ባለሙያውና ርካሹ ዕቃ



የትምህርት መክፈቻ በተቃረበ ቁጥር በድሬዳዋ ሳቢያን ሠፈር አንድ ጥያቄ ይነሣል። ለችግረኛ ልጆች ዩኒፎርም፣ ጫማና ቦርሳ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ገንዘቡም ዘወትር ከልጆቹ ቁጥር ያንሳል። ታዲያ የግዥ ኮሚቴው ወደ ታይዋን ወይም ወደ አሸዋ ገበያ ወርዶ ከውጭ ተሰፍቶ የመጣውን ልብስ በርካሽ ይግዛ? ወይስ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን አስቀምጠው ሥራ ለሚጠብቁት ልብስ ሰፊዎች ትእዛዙን ይስጥ?

ርካሹን ብንገዛ ብዙ ልጆች ይለብሳሉ። ለልብስ ሰፊዎቹ ብንሰጥ የሚለብሱት ልጆች ቁጥር ሊቀንስ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከእነዚሁ ልጆች የአንዳንዶቹ አባት ወይም እናት ሥራ ያገኛሉ። እንግዲህ ድሀ የሚገኘው በአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ በሁለቱም ወገን ነው። ስለዚህ ጥያቄውን “የአገር ዕቃ ይሻላል” በሚል አንድ ቃል ብቻ ልናልፈው አይገባም። ሂሳቡን ሠርተን፣ ሌሎች ከደረሰባቸው ተምረን፣ በማስተዋል ልንመልሰው ይገባናል።

ዕቃው ለምን ረከሰ?

ድሬዳዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ ከውጭ ዕቃ ተለይታ አታውቅም። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋም አብራው ተወለደች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በእነዚያ ዓመታት ከባሕር ማዶ የመጣ ብዙ ጨርቅና ቆርቆሮ የሚራገፈው በዚህች ከተማ ነበር። ነገር ግን ባቡሩ ዕቃ ብቻ አላመጣም፤ ሙያም አመጣ። በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ማቅለጥ፣ መቀጥቀጥና በቶርኖ መሥራት የተማሩ ሰዎች ድሬዳዋን የባለሙያ ከተማ አድርገዋታል። እንግዲህ የውጭ ዕቃና የአገር እጅ በዚህች ከተማ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጎን ለጎን የኖሩ ናቸው።

ዛሬም መንገዱ እየሰፋ ነው። አዲሱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጣና ተመርቋል። በመሆኑም ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ይቀንሳል ብለን ልናስብ አንችልም።

ዕቃው የረከሰበት ምክንያት የተሠወረ አይደለም። በእስያ ያለ አንድ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ሸሚዝ በመቶ ሺህ ያመርታል። ጨርቁን በጅምላ ይገዛል፤ መብራቱ አይቋረጥበትም፤ ዕቃውም በኮንቴይነር ታጭቆ ሲጓዝ የአንዱ ሸሚዝ የማጓጓዣ ዋጋ ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። የሳቢያን ልብስ ሰፊ ግን ክሩን በጥቅልል፣ ጨርቁን በሜትር፣ ቁልፉን በደርዘን ከችርቻሮ ሱቅ ይገዛል። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፤ የቤት ኪራዩ ግን አይቆምም። እንግዲህ ዋጋው የሚወደደው ሰነፍ ስለ ሆነ ወይም ስግብግብ ስለ ሆነ አይደለም። ጥቂት በጥቂት እየገዛ ጥቂት በጥቂት ስለሚሸጥ ነው።

“የአገር ውስጥ” የምንለው ዕቃ ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ የአገር ውስጥ እንዳልሆነም ማወቅ ይገባናል። የጫማ ሠሪው ሶልና ማስቲሽ፣ የልብስ ሰፊው ዚፕና አብዛኛው ጨርቅ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ የተሰፋው የውጭ ልብስ ብቻ አልተወደደም፤ የባለሙያውም ጥሬ ዕቃ አብሮ ተወዷል። የአገሩ የሆነው በተለይ እጁ፣ ጊዜውና ዕውቀቱ ነው። ልንጠብቀው የሚገባንም ይህን ነው።

የመርካቶ ጫማ ሠሪዎች ያስተማሩን

በዚህ ነገር ላይ አገራችን አንድ ትልቅ ትምህርት አላት። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ከቻይና የመጣ ርካሽ ጫማ ገበያውን አጥለቀለቀው። በአዲስ አበባ መርካቶና በአካባቢው የነበሩ ጫማ ሠሪዎች ጭንቅ ውስጥ ገቡ። በ96 ጥቃቅን፣ አነስተኛና መካከለኛ ጫማ አምራቾች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በውድድሩ ምክንያት ከመቶ 28ቱ ለኪሳራ ሲዳረጉ ከመቶ 32ቱ ሥራቸውን ለመቀነስ ተገድደዋል። በአነስተኛና በመካከለኛ ድርጅቶች በአማካይ 41 የነበረው የሠራተኛ ቁጥር ወደ 17 ወርዷል። ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ ደመወዝ ይጠባበቁ የነበሩ ቤተሰቦች አሉ።

ሆኖም ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ገዥው ርካሹን ጫማ ተጫምቶ አየው። መልኩ ያማረ ቢሆንም ሶሉ ቶሎ ይላቀቅ፣ ፊቱም ይሰነጠቅ ነበር። ከውድቀት የተረፉት ጫማ ሠሪዎችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የመጣውን ጫማ ፈትተው ቅርጹን አጠኑ፤ የተሻለ ሶልና ቆዳ ፈለጉ፤ አሠራራቸውን አሻሻሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በወንዶች የቆዳ ጫማ በኩል የአገሩን ገበያ መልሰው ያዙ፤ ከአምራቾቹም አንዳንዶቹ ወደ አውሮጳ መላክ ጀመሩ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ርካሽ ዕቃ የሚያደርሰው ጉዳት እውነተኛ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ባለሙያውን ያነሣው የገዥው ርኅራኄ ሳይሆን የሥራው ጥራት መሆኑ ነው። ነገር ግን ጥራቱን እስኪያሻሽል ድረስ ችሎ መቆየት ነበረበት። ከመቶ 28ቱ መቆየት አልቻሉም። እኛ ገዥዎች ልንረዳ የምንችለው በዚህ ላይ ነው፤ ባለሙያው እስኪሻሻል የሚያቆየውን ትእዛዝ በመስጠት።

የተሰጠ ልብስ ምን ያደርጋል?

ከባሕር ማዶ ያሉ ወንድሞችና እህቶች “አሮጌ ልብስ ሰብስበን እንላክላችሁ” ሲሉ አሳባቸው የፍቅር ነው። ይሁን እንጂ በሀብታም አገሮች በእርዳታ ስም ከሚሰበሰበው ልብስ ብዙው በቦንዳ ታስሮ ወደ ሌሎች አገሮች ገበያ እንደሚሸጥ ይታወቃል። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አንድ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2000 በአፍሪካ በልብስ ምርት ላይ ከደረሰው ማሽቆልቆል ከመቶ 40 የሚሆነው ከአሮጌ ልብስ መግባት ጋር የተያያዘ መሆኑን ገምቷል። በዘርፉ ከጠፋው ሥራ ደግሞ ግማሽ ያህሉ በዚሁ ምክንያት መሆኑን አመልክቷል።

በአገራችን ሳልቫጅ ለንግድ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ በገበያ የምናየው በኮንትሮባንድ የሚገባ ነው። ስለዚህ ዋጋው ቢቀንስም ቤተ ክርስቲያን በምእመናን ገንዘብ እንዲህ ያለውን ዕቃ ልትገዛ አይገባትም።

በሌላ ወገን ደግሞ ፍርዳችን እንዳይዛባ ሌላም ማስረጃ እንይ። በኤል ሳልቫዶር ለልጆች ጫማ በነጻ ሲታደል የአካባቢው ጫማ ገበያ ምን ያህል እንደሚጎዳ የተጠና ሲሆን፣ ጉዳቱ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ማንኛውም ስጦታ ባለሙያን ያጠፋል ማለት አይቻልም። የሚጎዳው በየዓመቱ የሚደጋገም፣ ብዛት ያለውና ባለሙያው ራሱ ሊሠራው በሚችለው ዕቃ ላይ የሚመጣ አቅርቦት ነው። ዩኒፎርም ደግሞ እነዚህን ሦስቱንም ያሟላል።

ሂሳቡን እንሥራ

ነገሩን ለማስረዳት ብቻ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ኮሚቴ የራሱን ዋጋ ያስገባ። 300 ዩኒፎርም ያስፈልገናል እንበል። ከውጭ የመጣው ለአንዱ 900 ብር፣ በሳቢያን የሚሰፋው 1,100 ብር ነው። ልዩነቱ በአንዱ 200 ብር፣ በጠቅላላው 60,000 ብር ይሆናል። ኮሚቴው ይህን ሲያይ ርካሹን ለመምረጥ ይቸኩላል።

አሁን 1,100 ብሩን እንበትነው። 600 ብሩ ለጨርቅ፣ 80 ብሩ ለክር፣ ለቁልፍና ለዚፕ፣ 100 ብሩ ለኪራይና ለመብራት፣ 320 ብሩ ለልብስ ሰፊው ድካም ነው እንበል። በ300 ዩኒፎርም የሰፊዎቹ ድካም ዋጋ 96,000 ብር ይሆናል። አንድ ሰው በቀን ሦስት ቢሰፋ፣ ትእዛዙ ለአምስት ሰዎች የ20 ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ 60,000 ብር ለማትረፍ ስንል 96,000 ብር ከሠፈሩ እናስወጣለን ማለት ነው። ያ ገንዘብ በሠፈሩ ቢቀር ኖሮ ለእህል ሻጯ፣ ለጀበና ቡና ነጋዴዋና ለልጆች ትምህርት በዋለ ነበር። ምናልባትም ከሰፊዎቹ አንዱ በሚመጣው ዓመት የልጁን ዩኒፎርም ከእኛ ሳይጠብቅ ራሱ ይገዛ ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። ልጅ ያድጋል። ባለሙያው የሱሪውን ጫፍና የቀሚሱን ግርጌ ትርፍ ጨርቅ ተወለት ብለን ብናዝዘው፣ በሁለተኛው ዓመት ተፈትቶ ይረዝማል። ጉልበቱ ቢቀደድ የሰፋው ሰው እዚያው ሠፈር ስላለ ይጥፈዋል። ልብሱ ሁለት ዓመት ካገለገለ ዋጋው ለአንድ ዓመት 550 ብር ይሆናል ማለት ነው። 900 ብር የወጣበት ልብስ በዓመቱ ካለቀ የትኛው ነው ርካሹ? ዋጋ የሚለካው በተገዛበት ቀን ብቻ ሳይሆን ባገለገለበት ዘመንም ነው።

የውጭውን ዕቃ የምንመርጥበት ጊዜ

እዚህ ላይ ሚዛን ያስፈልጋል። በቀን ሥራ የምታድር እናት በራሷ ጥቂት ብር ለልጇ ርካሽ ነጠላ ጫማ ብትገዛ ማንም ሊወቅሳት አይገባም። በታይዋንና በቀፊራ ያን ዕቃ የሚቸረችሩትም ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው በሌሎች ገንዘብ ለእርዳታ ስለምንገዛው ስለ እኛ ነው።

አንዳንድ የውጭ ዕቃ ደግሞ በእውነት የተሻለ ነው። ፕላስቲክ ጀሪካን ከሸክላ እንስራ ይቀልላል፤ ውኃ የምትቀዳውን ሴት ወገብ አሳርፏል። ማንም ወደ እንስራው ተመለሽ ሊላት አይገባም። በአንጻሩ የቡና ረከቦታችንን እንመልከት፤ ሲኒው በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ሲሆን ጀበናው ግን እስከ ዛሬ የአገራችን ሴቶች የሸክላ ሥራ ነው። በጀበናው ላይ ገበያው ራሱ ለባለሙያዋ ፈርዷል።

ድንገተኛ አደጋም ሲመጣ ሕጉ ሌላ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ባጠፋና ሺዎችን ቤት አልባ ባደረገ ጊዜ፣ ብርድ ልብስ እስኪሸመን ይጠበቅ የሚል ሰው አይኖርም። በእንዲህ ያለ ቀን በቅርብ የተገኘው ሁሉ ይገዛል። የትምህርት መክፈቻ ግን ድንገተኛ አደጋ አይደለም። በየዓመቱ መስከረም እንደሚመጣ እያወቅን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለግዥ ከተነሣን፣ ባለሙያውን ከውድድሩ ያስወጣነው ዋጋው ሳይሆን የእኛ መዘግየት ነው።

በችሮታ መግዛት አይጠቅምም

የእጅ ባለሙያ በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ሲሰደቡ እንደ ኖሩ እናውቃለን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። በመጽሐፍ ቅዱስ ግን ባስልኤልና ኤልያብ የማደሪያውን ድንኳን ለመሥራት በስማቸው የተጠሩ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር፤ ዶርቃም ለመበለቶች ልብስ በመሥራቷ ተመስክሮላታል።

ንቀት ሁለት መልክ አለው። አንዱ ስድብ ነው። ሌላው “ምስኪን ነው፤ ይግዛለትና ይጣል” የሚለው ችሮታ ነው። የተንጋደደ ስፌት ዝም ብለን ከተቀበልን ባለሙያውን አልረዳነውም፤ ልጁንም ጎድተነዋል። በሚመጣው ዓመት ሌላ ገዥ ሲመልሰው ሥራው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ይማረዋል። ይልቁንም አክብሮታችን የሚገለጠው ጥሩ ሥራ በመጠየቅና ዋጋውን በጊዜው በመክፈል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1946 ኤድና ሩት ባይለር የተባሉ አሜሪካዊት የሜኖናይት እኅት ፖርቶ ሪኮን በጎበኙ ጊዜ፣ የድሀ ሴቶችን የጥልፍ ሥራ አይተው ገዙ። ወደ አገራቸው ወስደውም በመኪናቸው እየዞሩ ለጉባኤዎች ሸጡላቸው። ከዚህ ትንሽ ጅምር ዓለም አቀፍ የእጅ ሥራ መሸጫ ድርጅት አድጓል። ሴቶቹ ጥሩ ሙያ ነበራቸው፤ ያጡት ገዥ ነበር። በሳቢያንም የብዙዎቹ ባለሙያዎች ችግር ይኸው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለፕሮጀክት ሠራተኞች፦

1. ትእዛዙ ከሦስት ወር በፊት ይሰጥ። ለመስከረም የሚሆን ዩኒፎርም ቢዘገይ በሰኔ መታዘዝ አለበት።

2. የግዥ ደንባችን ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል፤ ባለሙያው ደግሞ ብዙ ጊዜ የንግድ ፈቃድ፣ የቲን ቁጥርና ደረሰኝ የለውም። ደንቡን መጣስ መፍትሔ አይሆንም። በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበር ተደራጅተው ሕጋዊ እንዲሆኑ አስቀድሞ ማገዝ ይሻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አምስት ሰፊዎች አንድ ላይ ሲሆኑ ጨርቁን በጣቃ ገዝተው ዋጋቸውን መቀነስ ይችላሉ።

3. ትልቁ ትእዛዝ በአንድ ነጋዴ ብቻ እንዳይያዝ ይከፋፈል። አንዱ ማኅበር 100፣ ሌላው 100 ቢወስድ ሥራውም በጊዜ ይደርሳል።

4. መጀመሪያ አንድ ናሙና ይሰፋ። ጨርቁ፣ የስፌቱ ጥንካሬና ለማስረዘሚያ የሚቀረው ትርፍ ጨርቅ በጽሑፍ ይወሰን። ናሙናው በቢሮ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ርክክቡም ከእርሱ ጋር እየተመሳከረ ይፈጸም። ያልተስተካከለው ይመለስ።

5. ለጥሬ ዕቃ የሚሆን ቅድሚያ ክፍያ በውልና በዋስ ይሰጥ። ቀሪው በርክክቡ ቀን ይከፈል። የሠራተኛን ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ መክፈል በኦሪት የታዘዘ ነው። ለትልቅ ነጋዴ የሁለት ወር መዘግየት የወለድ ጉዳይ ነው፤ ለልብስ ሰፊው ግን የቤት ኪራይና የእህል ጉዳይ ነው።

6. ዋጋ ሲወዳደር የመግዣው ብር ብቻ ሳይሆን ዕቃው የሚያገለግልበት ዘመንና የሚጠገን መሆኑም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ኦዲተር ሲጠይቅ መልሱ ከሰነዱ ይገኛል።

ለጉባኤዎች፦

የመዘምራን ልብስ፣ የጸሎት ቤት አግዳሚ ወንበር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጠረጴዛ፣ የመስኮትና የበር ብረት፣ ለሙሽሮች የሚሰጥ ስጦታ፣ እነዚህ ሁሉ በየዓመቱ የምንገዛቸው ናቸው። ከመግዛታችን በፊት በጉባኤያችንና በሠፈራችን ይህን የሚሠራ ማን አለ ብለን እንጠይቅ። ፕላስቲክ ወንበር ሲሰበር ይጣላል፤ በሠፈሩ የተሠራ የእንጨት አግዳሚ እግሩ ቢላላ አናጢው መጥቶ ያጠብቀዋል። ለእንግዳ የሚሰጥ ስጦታም ቢያስፈልግ ከሐረርና ከአካባቢዋ የሚመጣው የስፌት ሥራ ከየትኛውም የሱቅ ዕቃ ይልቅ የሠሪዋን እጅ ያስከብራል።

የሚሰጡ ወገኖችም አንድ ነገር እንዲያስቡልን እንለምናለን። “በዚህ ገንዘብ ስንት ልጅ ለበሰ?” ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከእርሱም ጋር “ማን ሰፋው? በጊዜው ተከፈለውን? ልብሱስ እስከ መቼ አገለገለ?” ብላችሁ ጨምሩበት። ቁጥሩ ብቻ ሲጠየቅ ኮሚቴው ወደ ርካሹ ይሮጣል። አራቱም ሲጠየቁ ግን ቆም ብሎ ያስባል።

ሁሉንም በአንድ ዓመት መለወጥ አይቻልም። ለመነሻ ያህል እያንዳንዱ ጉባኤ ከዓመታዊ ግዥው አንዱን ዕቃ ብቻ ይምረጥ፤ ዩኒፎርም ይሁን፣ ወንበር ይሁን፣ ወይም የመዘምራን ልብስ። ያንን አንዱን በጥራት አስሠርቶ፣ ዋጋውን በቀኑ ከፍሎ፣ ከዓመት በኋላ ዕቃው እንዴት እንደሆነ ይመርምር። የተጠቀመውና ያልተሳካው ነገር ተጽፎ ቢደርሰን ለሌሎች ጉባኤዎች እናካፍለዋለን። የግዥ ኮሚቴዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ይህን አጀንዳ እንዲይዙ በአክብሮት እንጠይቃለን።